መብራት ሲጠፋ የሚበራ መብራት

ለሱቁ ወይም ለግቢው የጥበቃ መብራት ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ካርቶኑን አዙሮ ትልቁን ቁጥር ያሳየዋል። በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ግን ከዋቱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ይህ መብራት መብራት ሲጠፋ ይበራል ወይ? ከተማው ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ደጋ ነው። ነፋሱ ምሰሶ ያጋድላል፣ መብረቁ ትራንስፎርመር ይመታል፣ መስመሩ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይጨልማል። የሱቅ ጓጉንቸር ሊፈለቅቅ ወይም በግ ሊነዳ የተዘጋጀ ሰው የሚጠብቀውም ይህንኑ ሌሊት ነው። በደህናው ሌሊት ብቻ የሚሠራ መብራት፣ ደጃፍ ያሳምር እንደሆነ እንጂ ጥበቃ አይባልም።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ «እንግዲህ መብራት ጠፋ ማለት ቀረ» ያሉ ነበሩ። ግድቡ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ማመንጨት ሌላ፣ ቤት ድረስ ማድረስ ሌላ። ኃይሉ አምፖሉ ጋ እስኪደርስ በከፍተኛ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በትራንስፎርመርና በየመንደሩ በተተከለ ምሰሶ ያልፋል። ብዙው መቋረጥ የሚደርሰው በዚህ በመጨረሻው ጉዞ ላይ ነው። ስለዚህ ግድቡ ኖረም አልኖረም የደጃፍ መብራት ሲታሰብ የጨለማውን ሌሊት ቆጥሮ መነሣት ያስፈልጋል።

ለመሆኑ መብራት ሌባን ይመልሳል? ይህ በወሬ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም፤ ተፈትሿል። በ2016 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ካሉባቸው መንደሮች የተወሰኑትን በዕጣ መርጦ ጊዜያዊ የመብራት ማማ አቆመላቸው፤ የቀሩትን እንደነበሩ ተዋቸው። ማማ በቆመላቸው መንደሮች በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው የመረመሩ ምሁራን ደግሞ ያልጠበቁት ነገር ገጥሟቸዋል፤ መንገድ ሲበራ የቀኑም ወንጀል አብሮ ቀንሶ ተገኘ። አምፖል በጠራራ ፀሐይ ምን ይሠራል? እነሱ የሰጡት ግምት ሰፈሩ እንደሚታሰብለት ያየ ነዋሪ ራሱም ሰፈሩን ማየት ይጀምራል የሚል ነው። እኔም ይህን አምናለሁ። መብራት በራሱ አይጠብቅም፤ የሚያይ ሰው ባለበት ቦታ እንዲያይ ይረዳዋል እንጂ። ሰው በማያልፍበት፣ መስኮት በማይመለከተው ጓሮ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ፓውዛ ግን ሌባው የእጅ ባትሪ ሳይዝ ተረጋግቶ እንዲሠራ ያግዘዋል።

ስለዚህ መብራት ከመግዛት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «ማን ያየዋል?» ነው። ጎረቤት ከመኝታ ቤቱ ያየዋል? ጥበቃው ከተቀመጠበት ያየዋል? ውሻው ሲጮኽ በር ከፍቶ የሚወጣ ሰው አለ? ለሦስቱም መልሱ «የለም» ከሆነ ገንዘቡን ለበሩና ለጓጉንቸሩ ማዋል ይሻላል።

አንድ የሱቅ ደጃፍ ቀረብ ብለን እንመልከት። በሩ ቆርቆሮ ነው። ከበሩ በላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ 50 ዋት ፓውዛ ወደ መንገዱ አፍጥጦ ተገጥሟል። ከመንገዱ ማዶ ለሚያየው ያንጸባርቃል፤ ባለቤቱም በዚያ ይኮራል። ነገር ግን ዓይን ወደዚያ ብርሃን ሲዞር ብሌኑ ይጠብባል፤ ከፓውዛው በታች ያለው በር፣ ጓጉንቸሩና ማጠፊያው ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። አንድ ሰው በሩ ሥር ቁጢጥ ቢል አላፊ አግዳሚው አያየውም፤ እሱ ግን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያያል። ባለሱቁ ለሌባው መጋረጃ ሰቀለለት ማለት ነው።

ማስተካከያው ከፓውዛው ራሱ ይረክሳል። 9 ወይም 10 ዋት ኤልኢዲ፣ ከበሩ ራስ ትንሽ ወደ ጎን፣ ከመሬት 2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ መግጠም ነው። ብርሃኑ ጓጉንቸሩ ላይ፣ ደፉ ላይና ከበሩ ፊት ባለው ጥቂት ሜትር መሬት ላይ ይረፍ። ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሲያዩ አምፖሉ ራሱ ዓይን የሚወጋ ከሆነ ገና አልተስተካከለም። ዋት የሚበላው ኃይል ነው፤ የሚወጣው ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። ደህና 10 ዋት ኤልኢዲ 900 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ይህ ከድሮው 60 ዋት ክብ አምፖል ይበልጣል። ለአንድ የሱቅ በር ከዚህ በላይ ማብራት ትርፉ ጥላውን ማጥቆር ነው። ገንዘብ ከተረፈ አንዱን ከማግዘፍ ሁለት ትንንሽ መብራቶችን ከሁለት ማዕዘን መግጠም ይሻላል፤ የአንዱን ጥላ ሌላው ያጠፋዋል፣ አንዱ ቢሰበር ሌላው ይተርፋል።

ለመንዝ የድንጋይ ቤት የምጨምረው አንድ ነገር አለ፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። የመንዝ ድንጋይ ጠቆር ያለ ነው፤ ብርሃን ይውጣል። በበሩ ግራና ቀኝ ያለውን ግድግዳ በኖራ ቢቀቡት ትንሹ አምፖል እጥፍ የጨመረ ይመስላል፤ በርኖስ ለብሶ የቆመ ሰውም በነጩ ላይ ጎልቶ ይታያል። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ሲወርድ ደግሞ ከፍ ብሎ ወደ ፊት የሚያበራ ፓውዛ ብርሃኑ ከጉሙ ላይ እየተመለሰ የባለቤቱኑ ዓይን ያሳውራል። ዝቅ ብሎ ወደ ታች የሚያበራው ግን በጉምም ቢሆን ደጃፉን ያሳያል።

ሰው ሲመጣ ብቻ የሚበራው፣ «ሴንሰር» የምንለው መብራት፣ ለጓሮና ለጋጣ ጥሩ ነው። የሚሠራው ሙቀት በማየት ነው። ከፊቱ ካለው ቀዝቃዛ መሬት የሚለይ ሞቃት ነገር ሲንቀሳቀስ ይነቃል። የመንዝ ብርድ እዚህ ላይ ይረዳል፤ አካባቢው በቀዘቀዘ ቁጥር የሰው ፊትና እጅ ይበልጥ ይለያል። በሌላ በኩል በወፍራም በርኖስ ተጀቡኖ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ሙቀቱ ስለሚሸፈን ሴንሰሩ ዘግይቶ ሊያየው ይችላል። ሴንሰሩ ፊት ለፊት የሚመጣበትን ሳይሆን በፊቱ የሚያቋርጠውን ቶሎ ስለሚያይ፣ ከበሩ ትይዩ ሳይሆን መተላለፊያውን ከጎን እንዲያይ አድርጎ መግጠም ያዋጣል። ባሕር ዛፍ ሥር የተገጠመ ሴንሰር ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይበራል፤ ድመትም ያበራዋል። አሥር ጊዜ በከንቱ የበራን መብራት አሥራ አንደኛው ላይ ማንም ተነሥቶ አያየውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈራው ግን ሽቦውን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው እንዲህ ነው። ከሳሎኑ ሶኬት ቀጭን ሽቦ ይሳባል። በቆርቆሮው ላይ በምስማር በተበሳ ቀዳዳ ይወጣል። ውጭ ላይ ከፓውዛው ሽቦ ጋር ተጠማዝዞ በፕላስተር ይጠቀለላል፤ አለቀ። የቆርቆሮ ቀዳዳ ጠርዙ ስለታም ነው፤ የደጋው ነፋስ ደግሞ አያርፍም። ሽቦው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይፋቃል፤ ከዓመት በኋላ ላስቲኩ ያልቅና መዳቡ ቆርቆሮውን ይነካል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጣሪያው በሙሉ 220 ቮልት ተሸክሟል። ግድግዳው ጭቃና እንጨት ከሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት ጥሩ መንገድ ስለማያገኝ ተራው ብሬከር አይወድቅም፤ አምፖሉም መብራቱን ይቀጥላል፤ ማንም ምንም አያውቅም። የሚታወቀው ክረምት ገብቶ መሬቱ ሲረጥብ፣ በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ አሸንዳውን ሲነካ ነው።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይግባ። ቆርቆሮ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ጎማ ይደረግ። መገናኛው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ በብሎን ይታሰር እንጂ በፕላስተር አይጠቅለል። ቱቦው ወደ መብራቱ ሲገባ ከታች በኩል ይግባ፤ ዝናብ ሽቦውን ተከትሎ ሲወርድ ወደ አምፖሉ ሳይሆን ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ከውጭ የሚገጠመው መብራት «አይፒ 65» የሚል ጽሑፍ ይኑረው፤ አቧራ አያስገባም፣ የሚረጭ ውኃም አይበግረውም ማለት ነው። ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር ይበቃል። ለሶኬት 2.5 ካሬ ከ16 አምፔር ጋር ይሄዳል።

ምጣዱ ብቻውን ሌላ ወሬ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ለብቻው 4 ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። የደጃፉ መብራት ከምጣዱ ጋር አንድ መስመር ላይ ከታሰረ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ምሽት መብራቱ ይደክማል፤ ምጣዱ ብሬከሩን ከጣለው ደግሞ ደጃፉም አብሮ ይጨልማል። የጥበቃ መብራት ከማንም ጋር የማይጋራው የራሱ ብሬከር ይኑረው የምንለው ለዚህ ነው።

ከብሬከሮቹ ሁሉ ሕይወት የሚያድነው ባለሙያዎቹ «ኧርዝ ሊኬጅ» የሚሉት ነው። የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ ያመዛዝናል። 30 ሚሊ አምፔር ያህል እንኳ በሰው ወይም በቆርቆሮ በኩል ወደ መሬት ከሸሸ በቅጽበት ይቆርጣል። ላዩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየወሩ ሲጫኑት ካልወደቀ ይቀየር። ከእሱ ጋር የመሬት ዘንግ ይተከል። የመንዝ መሬት ብዙ ቦታ ድንጋያማ ነው፤ ዘንጉ ጠልቆ የሚገባበትና እርጥበት የማይለየው ቦታ፣ ለምሳሌ የአሸንዳው ውኃ የሚወርድበት ጥግ፣ ይመረጥ። በበጋ የደረቀ ኮረብታ ላይ የተተከለ ዘንግ ለስሙ ያህል ነው።

ቤቱ የጓሳ ሣር ክዳን ከሆነ ደግሞ ምንም ሽቦ ክዳኑን አይንካ፣ በክዳኑም ውስጥ አይለፍ። ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል አይግልም፤ እውነት ነው። እሳት የሚያስነሣው ግን ብዙውን ጊዜ አምፖሉ አይደለም፤ የላላ መገናኛ ነው።

ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ብዙ ሰው ይደናገራል። እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ምሰሶ ሲያጋድል፣ ሽቦ ሲረግብ ወይም ቆጣሪ ሲሞት የሚጠራው እሱ ነው፤ የጥሪ ማዕከሉ ቁጥር 905 ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሁሉ የባለቤቱ ነው። ከምሰሶ ላይ መጥለፍ ወንጀል ነው። ከጎረቤት ቆጣሪ በአጥር ላይ ስቦ መጠቀምም ለሁለቱም ቤት ያሰጋል፤ የአንዱ ብሬከር የሁለቱን ሸክም ይሸከማል፣ ሽቦው አጥር ላይ ይፋቃል፣ አደጋ ሲደርስም ማን ይጠየቅ እንደሆነ አይታወቅም። ሥራውን የሚሠራው ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዳለው መጠየቅ ነውር አይደለም። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ይህን ወረቀት የሚሰጠው እንዲጠየቅ ነው።

አጥር ላይ ኤሌክትሪክ ስለመልቀቅ አንድ ቃል ልናገር። ከቆጣሪ የመጣን 220 ቮልት በሽቦ አጥር ላይ መልቀቅ ሰው መግደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ለከብትና ለግቢ ተብሎ የሚሠራው የኤሌክትሪክ አጥር ልዩ መሣሪያ አለው፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ እጅግ አጭር ምት እየለቀቀ ያስደነግጣል እንጂ አይዝም። የቆጣሪው ኤሌክትሪክ ግን የጨበጠውን እጅ አይለቅም። የሚሞተውም ሌባው ብቻ አይደለም፤ ኳሱን ሊያመጣ አጥር የዘለለ የጎረቤት ልጅም ይሆናል። ባለቤቱም «ንብረቴን ስጠብቅ» ብሎ ከወንጀል ተጠያቂነት አያመልጥም።

አሁን ወደ ጨለማው ሌሊት እንመለስ። ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ራሱ ውስጥ ባትሪ ያለው አምፖል ነው። እንደ ማንኛውም አምፖል ይገባል፤ መብራት ሲጠፋ ጥቂት ሰዓት በራሱ ይቆያል። ማብሪያ ማጥፊያው ሲበራ ብቻ እንደሚሞላ መርሳት አይገባም። ለቤት ውስጥና ለምሽቱ ጥሩ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን አያደርስም። የመሐል ሜዳ ሌሊት ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ ትንሽ ይረዝማል። ሌባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ አምፖሉ ደክሞ ሲጠፋ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ለማድረስ ሒሳብ መሥራት ይኖርብናል፤ ከባድ አይደለም። ሁለት ባለ 5 ዋት የ12 ቮልት አምፖሎች 12 ሰዓት ቢበሩ 120 ዋት ሰዓት ይበላሉ። 12 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 250 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ሁለት ሌሊት ሊያሳልፍ ይችላል። የመኪና ዓይነቱ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ስለሚሞት፣ ለዚያው ሥራ 40 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል። ባትሪውን መብራት ባለ ጊዜ ከቆጣሪው መሙላት ይቻላል፤ መሐል ሜዳን በመሰለ ከተማ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚቀል የለም። ሶላር ለመጨመር ከታሰበ ለዚህ ጭነት 50 ዋት ፓነል በበጋ ያብቃቃል፤ የክረምቱን ደመና ለማለፍ 80 ወይም 100 ዋት ይሻላል። የደጋው አየር ለፓነል ይመቻል፤ ፀሐዩ የጠራ ነው፣ ፓነልም በብርድ ይበልጥ ያመነጫል። መሐል ሜዳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፓነሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ያዘንብል፤ ይህን ያህል ዝንባሌ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበውም ይበቃል።

ብርዱ የሚጎዳው ባትሪውን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል የሙቀቱ መጠን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሊቲየም ባትሪን ከዜሮ በታች እያለ መሙላት ለዘለቄታው ያበላሸዋል፤ የእርሳሱም አቅሙ በብርድ ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪው ከቤት ውስጥ ይቀመጥ። የእርሳሱ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ ግን አልጋ ሥር ወይም ምድጃ አጠገብ አይሁን።

ባትሪና ፓነል በአንድ አካል ተሠርተው ምሰሶ ላይ ስለሚሰቀሉት መብራቶች የምመክረው ካርቶኑን ሳያነቡ ፓነሉን ማየት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ፓነል በጠራ ፀሐይ 200 ዋት ገደማ ያመነጫል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት የሚያህል ፓነል 12 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ «300 ዋት» ተብሎ ቢጻፍበት ፀሐይ ራሷ አታውቀውም። ሌሊቱን ሲያበራ የሚያድረውም ቀን ከሰበሰበው አይበልጥም። በእጅ ሲያነሡትም በጣም ከቀለለ ባትሪው ትንሽ ነው። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ መጀመሪያ የሚሞተው ባትሪው ስለሆነ፣ ተፈትቶ የሚቀየርለት መሆኑን ሳይጠይቁ መግዛት አያዋጣም።

ስለ ወጪው በአጭሩ። አንድ 10 ዋት መብራት በየሌሊቱ 12 ሰዓት ቢበራ በወር 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 100 ዋት ፓውዛ ግን 36 ይበላል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የሚጨምር ነው፤ ዝቅተኛው እርከን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ያበቃል። ፓውዛው ብቻውን አብዛኛውን ጨርሶት ሌላውን የቤት ፍጆታ ወደ ውዱ እርከን ይገፋዋል። የካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ደግሞ ካርዱ እኩለ ሌሊት ላይ ሊያልቅ እንደሚችል አይዘንጋ፤ ያ የመብራት መጥፋት በጎረቤት አይታወቅም።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ ለጥቂት ጊዜ ይዘላል፤ ኤልኢዲዎችንና ቻርጀሮችን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ሲጠፋ ዋናውን ብሬከር ዝቅ አድርጎ፣ ሲመለስ ጥቂት ቆይቶ ማንሣት ጥሩ ልማድ ነው። መብረቅ ሲያጉረመርምም እንዲሁ። ዲቫይደር ስለተሰካ ብቻ ዕቃ አይጠበቅም፤ አብዛኛው ዲቫይደር ሶኬት ማብዣ እንጂ መከላከያ አይደለም።

ባለሱቆች ተዋጥተው ጥበቃ የሚቀጥሩበት መንገድ ላይ ጥበቃውን ከአምፖል ሥር ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ይህ እሱን ማጋለጥ ነው፤ እሱ ከብርሃን ወደ ጨለማ አያይም፣ ጨለማ ውስጥ ያለው ግን እሱን ያየዋል። ጥበቃው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ብርሃኑ በሮቹ ላይ ይረፍ። ካሜራም ቢሆን ብርሃን ወደ መነጽሩ ከተላከበት የሚያነሣው ነጭ ጭጋግ ነው፤ ባትሪ ከሌለውም መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይተኛል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ያለው ግጭት የሌሊቱን ነገር እንዳከበደው የታወቀ ነው። እዚህ የተጻፈው ስለ ተራ ሌባ ነው፤ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ስለ መብራት የሚወጣ ትእዛዝ ካለ እሱ ይቀድማል።

የቀረው የበግ በረት ነው፤ መንዝ ላይ ከሱቅ የማያንስ ሀብት ያለበት ቦታ። ኬንያ ውስጥ፣ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ዳር፣ ሪቻርድ ቱሬሬ የተባለ የማሳይ ልጅ የአባቱን ከብት አንበሳ ሲፈጅበት አንድ ነገር አስተዋለ። ባትሪ ይዞ በበረቱ ዙሪያ ሲዞር አንበሶቹ አይቀርቡም፤ አንድ ቦታ የቆመ መብራት ግን አያስፈራቸውም። ከዚያ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ፣ ከሶላር ፓነልና ከትንንሽ አምፖሎች ተራ በተራ ብልጭ የሚል መሣሪያ ሠራ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ታሪኩን ለዓለም ተናገረ። አሠራሩ ለመንዝም የሚሆን ነው። ጅብና ቀበሮ የቆመ መብራት ይለምዳሉ፤ ቦታውን የሚቀያይር ብልጭታ ግን ሰው የሚዞር ይመስላቸዋል። አራት ትንንሽ አምፖሎች ወደ ውጭ ፊታቸውን አዙረው በአራቱ ማዕዘን ይተከሉ፤ በጎቹ ላይ አይብሩ፣ ያስደነብሯቸዋል። ቦታቸውም በየጊዜው ይቀያየር። በጓሳ ጥብቅ ሥፍራ አቅራቢያ የሚኖር ሰው ደግሞ ብርሃኑን ወደ ጥብቁ ሥፍራ አያዙር፤ በዚያ በኩል ያለው ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥ ነው፣ ከበረቱ የሚፈልገው ነገርም ብዙ አይደለም። የበረቱ ካብ የተናደ ከሆነ ግን ከአምፖሉ በፊት ድንጋዩ ይደርደር፤ ለዚህ ሥራ መንዝ ውስጥ ባለሙያ ጠፍቶ አያውቅም።